የተረፈ የቤት ዕቃ መውጫዎች ሲመዘኑ፦ ልዋጭ፣ ቁራሌው፣ መርጃ ማዕከልና የብሎኩ ሰው

ከአያት አልፎ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ፣ በደቡብ በኩል ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ በደቡብ ምዕራብ ጀሞና ለቡ፤ ከከተማው ዳር በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕቃ ይገባል እንጂ አይወጣም። አልጋ ሥር የተወተፈ ብርድ ልብስ፣ በረንዳ ላይ የተደራረበ ጀሪካን፣ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ ተቀምጦ አንድም እንግዳ ያልጠጣበት የብርጭቆ ደርዘን፣ "ይጠቅመናል" ተብሎ የከረመ እግሩ የወለቀ ወንበር። የጽዳት ማኅበራቱ ክፍያ ከውኃ ቢል ጋር ቢሰበሰብም፣ የሚያነሱት በማዳበሪያ የታሰረ ቆሻሻ ነው፤ ሶፋና ፍራሽ አይነኩም። ስለዚህ ዕቃው ከቤት የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ ልዋጭ፣ ቁራሌው፣ የበጎ አድራጎት መርጃ ማዕከል፣ እና እዚያው ብሎኩ ላይ ያለ ሰው።

ፍርዱን እናስቀድመው። የተሰበረው ለቁራሌው፣ መካከለኛው ልብስ ለልዋጭ፣ ንጹሕና ሙሉ የሆነው ለመርጃ ማዕከል፣ ግዙፉ ዕቃ ለብሎኩ ሰው ነው። አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ጥሩውን ጃኬት በሳፋ ይለውጥና ዚፑ የተበላሸውን ለአረጋውያን ይልካል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማስተካከል ነው።

ልዋጭ

ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ "ልዋጭ! ልዋጭ!" የሚለው ድምፅ በብሎኮቹ መካከል ይሰማል። የሚይዙት ዕቃ የታወቀ ነው፦ ሳፋ፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ጆግ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ። የሚፈልጉት ደግሞ ያገለገለ ልብስና ጫማ ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ ሳይታጠብ ይወስዳሉ፣ በር ድረስ ይመጣሉ፣ የመኪና ኪራይ የለበትም፣ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ጉዳቱ ዋጋው ላይ ነው። ልዋጮች ልብስ የሚያዩት በአራት ቦታ ነው፦ ኮሌታ፣ ብብት፣ የሱሪ መቀመጫ፣ ዚፕ። ከእነዚህ አንዱ ላይ ጉድለት ካገኙ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ባያገኙም "ጨምሪበት" ይላሉ፤ ይህ የሥራው ደንብ ስለሆነ ማንም ሊቀየም አይገባም። የወንድ ጫማ፣ ጂንስና ጃኬት የሚፈለጉ ናቸው። የልጆች ልብስና የተንጨባረረ ሹራብ ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ክምሩን በአንድ ጊዜ አታውጡ። ከደካማው ጀምራችሁ አንድ በአንድ አሳዩ፤ ጥሩው ቀድሞ ከወጣ ደካማው እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፤ ሲም ካርድ፣ መታወቂያና የታጠፈ ብር በዚህ መንገድ ከቤት ይወጣሉ።

የምትቀበሉትንም ዕቃ መርምሩ። ከድጋሚ ፕላስቲክ የተሠራ ሳፋ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ጠርዙን በአውራ ጣት ስትጫኑት ሳይታጠፍ ይንቋቋል። ታችኛው መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ እምብርት ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ቅርጹ የገባው በዚያ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ዙሪያዋ ነጭ መስመር ካለ ሳፋው ዕድሜ የለውም።

ትልቁ ነቀፌታችን ግን ሌላ ነው። ቤቱን ለማቅለል የተነሳ ሰው አራት ሱሪ አውጥቶ አንድ ሳፋ ካስገባ፣ ያቀለለው ቁም ሳጥኑን እንጂ ቤቱን አይደለም። ሳፋ የሚያስፈልገው ቤት ይለውጥ፤ የማያስፈልገው በሩን ይዝጋ። ከአሥር አምስት እንሰጠዋለን።

ቁራሌው

ይህ ሰው በከተማዋ ውስጥ ካሉት የዕቃ መልሶ ጥቅም ሠራተኞች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ስሙን ግን ማንም በዚያ አይጠራውም። ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የቢራ ጠርሙስ፣ የተበሳ ድስት፣ የተቃጠለ ካውያ፣ የቆመ ሪሲቨር ይገዛል። የሰበሰበው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ቆርቆሮው ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። የተሰበረ ነገር ከዚህ የተሻለ መድረሻ የለውም፤ መርጃ ማዕከል ማስቀመጫ ቦታም ጠጋኝም ስለሌለው ለእሱ ሸክም ነው።

ሒሳቡ በዓይን ግምት ወይም በፍሬ ነው፤ አንዳንዱ የእጅ ሚዛን ይይዛል። የብረታ ብረትን ዓይነት ለይቶ የማያውቅ ሰው እዚህ ይበላል። ከፍተኛው መዳብ ነው፣ ቀጥሎ ነሐስ፣ ቀጥሎ አሉሚኒየም፣ መጨረሻ ብረት። ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በቂ መሣሪያ ናት፤ ከሳበችው ብረት ነው፣ ካልሳበችው ሌላ ነገር ነው፣ "ብረት ነው" ሲባል እሺ አትበሉ። በተለይ አሮጌ የውኃ ሩቢኔት ላዩ እንደ ብር ቢያብረቀርቅም ብዙ ጊዜ ውስጡ ነሐስ ነው። በሞረድ ሲፋቅ ቢጫው ይታያል።

ጀሪካን ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ማንም አይነግራችሁም። የተሸጠ ጀሪካን ታጥቦ እንደገና የዘይት፣ የጠላ ወይም የውኃ መያዣ ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ጋዝ፣ የተባይ መርዝ፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም የባትሪ ውኃ የነበረበትን ከመሸጣችሁ በፊት ታችውን በጋለ ቢላ ብሱት። ዋጋው ይቀንሳል፤ ይቀንስ። በረኪና የነበረበት በደንብ ከተለቀለቀ ችግር የለውም። የመኪና ባትሪ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይውጣ፤ አሲዱን ደረጃ ሥር ወይም ቦይ ውስጥ ልድፋ የሚል ገዢ ካለ አትሽጡለት።

የቁራሌው መጥፎ ጎን የሚመጣው ከእሱ ሳይሆን ከሻጩ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲወጣ ልጆች ገመዱን ቆርጠው ለመዳቡ ለብቻ ይሸጡታል። በዚህ ምክንያት ሊሠራ የሚችል ዕቃ ይሞታል። የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። "ተቃጥሏል" ከሚባለው ምጣድ ውስጥ ብዙው የተበላሸው ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ገመዱ ምጣዱ ጋ በሚያያዝበት ቦታ በሙቀት ተበልቶ፣ ወይም ሸክላው ሥር በጀሶ የታሸገው የማሞቂያ ሽቦ ተበጥሶ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ሰዓት የሚጨርሳቸው ናቸው፤ ሽቦውም ይቀየራል። ምጣዱ እስከ 3,500 ዋት ስለሚስብ፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ማለት ነው፣ በቀጭን ማራዘሚያ የሠራ ምጣድ መጀመሪያ የሚቃጠለው ገመዱ ነው። ሸክላው ከተሰነጠቀ ግን በቃ፣ ለቁራሌው።

የድሮው ባለ ቂጥ ቴሌቪዥን መስታወቱ እርሳስ አለበት። ሳይሰበር ሙሉውን ለሚወስድ ብቻ ስጡ፤ ለመዳቡ ብሎ ደጃፋችሁ ላይ በድንጋይ የሚመታውን ከልክሉ። ወረቀትን በተመለከተ፣ የባንክ ደብተርና የመታወቂያ ቅጂ ያለበት ክምር የሱቅ በርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ጎረቤት ቤት መግባቱ አይቀርም፤ ስም ያለበትን ገጽ ቀዳችሁ አውጡ። ከአሥር ሰባት። መርዝ የነበረበት ጀሪካን ሳይበሳ በሚሸጥበት ቤት ግን 3።

መርጃ ማዕከል

በዚህ ዳርቻ ማንም የሚያውቀው በአያት በኩል ያለው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው ይህ ድርጅት ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ ያኖራል፤ ቁጥራቸው በሺዎች ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉ፣ ምክንያቱም የስጦታውን ዓይነት የሚወስነው እሱ ነው። ሺዎች በሚበሉበት ቤት የሳሙና ካርቶን ከሦስት ያማሩ ኮቶች ይበልጣል። የአዋቂ ዳይፐር፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ፓስታ፣ ዱቄት፤ በየቀኑ የሚያልቀው ይህ ነው። ከታመመ ወላጅ የተረፈ ዳይፐር ካላችሁ ጥቅሉ የተከፈተ ቢሆንም ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዋጋ አለው። ከእሱ ሌላ ትልልቆቹ ስጦታዎች ዊልቸር፣ ክራንች፣ ምርኩዝና የሽንት ቤት ወንበር ናቸው። እነዚህን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሰው ማቆየት የሚያስቆጭ ነው።

ከትልቁ ሌላ በየሰፈሩ በኪራይ ግቢ የሚሠሩ ትንንሾች አሉ፦ የሕፃናት ማቆያ፣ የእናቶችና ልጆች መርጃ፣ የአረጋውያን ምሳ ቤት። ለአንድ ቤት ትርፍ ዕቃ ትንሹ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ስድስት የልጅ ሹራብ እዚያ ስድስት ልጅ ይለብሰዋል እንጂ መጋዘን አይገባም። ነገር ግን ማንነቱን አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የምስክር ወረቀትና የምዝገባ ቁጥር አለው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ሲጠየቅም አይቆጣም። ደጃፍ ለደጃፍ ፎቶ ይዞ የሚዞረው ግን የት እንደሚያድር ካላሳየ በቀር ዕቃ አይጫንለት።

ከመሄድ በፊት ደውሉ። "ምን ያስፈልጋችኋል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "የተገኘውን" ይሆናል፤ ይሉኝታ ነው። ይልቅ "የማትቀበሉት ምንድን ነው?" በሉ። ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል። ቀጥሎ ነዋሪዎቹ ወንድ ናቸው ሴት፣ ስንት ዓመት ገደማ፣ ዕቃ የሚረከብ ሰው በየትኛው ቀንና ሰዓት ይገኛል።

ልብስ። ሳሎን መሐል አንሶላ አንጥፉና በሦስት ክምር ለዩ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ነገ ጠዋት ለብሳችሁ ታክሲ ትሳፈራላችሁ? አዎ ከሆነ አንደኛው ክምር። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ስፌት ወይም አንድ ዚፕ ብቻ የጎደለው ሁለተኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትስጡት። ተስቦ ከተዘጋ በኋላ መልሶ የሚከፈት ዚፕ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳይሆን መሳቢያው ነው የላላው። የመሳቢያውን ሁለት ጎን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት፤ ይይዛል። ከበዛ ግን ይሰበራል። ሦስተኛው ክምር ጨርቅ ነው። የጥጥ ቲሸርት ከሆነ በ30 በ30 ሳንቲሜትር ቁረጡት፤ አንዱ ቲሸርት ከአራት እስከ ስድስት መወልወያ ይወጣዋል። የታጠበ መወልወያ በካርቶን ሞልቶ ሲመጣ የሚደሰት የጽዳት ክፍል በየማዕከሉ አለ። የተቀደደ ሸሚዝ "ልብስ" ተብሎ ሲመጣ የሚደሰት ግን የለም።

አረጋውያን የሚለብሱት ሰፋ ያለ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ፣ ፊት ለፊት የሚከፈት ነው። ጥብቅ ጂንስና ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ እዚያ ቦታ የላቸውም፤ እነሱን ለልዋጭ። ለአእምሮ ሕሙማን የሚሄደውን ቀበቶውንና ረጅሙን ገመድ አውጡለት። የውስጥ ልብስ አዲስ ካልሆነ አይሰጥም። ጋቢ፣ ካልሲና ወፍራም ሹራብ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጫማ በማሰሪያው ተያይዞ ይታሰር፤ ማሰሪያ ከሌለው በገመድ። አንድ እግር የጠፋበት ጫማ ከአንድ ሺህ ጫማ መሐል መፈለግ ምን እንደሚመስል ለማንም ግልጽ ነው።

ትኋን። ሰው የማይነጋገርበት፣ ግን ብዙ ስጦታ የሚያበላሸው ይህ ነው። ሃምሳ አልጋ በተርታ ባለበት ክፍል አንድ ብርድ ልብስ ይዞት የገባ ትኋን ለወራት አይወጣም። ምግብ ሳያገኝም ወራት ስለሚቆይ "ተዘግቶበት ከርሟል፣ ሞቷል" የሚባለው አይሠራም። የሚፈተሸው ስፌቱና ጠርዙ ነው፤ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ምልክቱ ነው። ገመድ ላይ ፀሐይ ማስመታትም አይበቃም፣ ወደ ጥላው በኩል ይሸሻል። የሚገድለው ሙቅ ውኃ ነው፣ ወደ 60 ዲግሪ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት እጅ የፈላና አንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ስትቀላቅሉ 67 አካባቢ ይሆናል፤ ጨርቁ ሲገባበት ወደ 60 ይወርዳል። ግማሽ በግማሽ ካደረጋችሁት ግን ገና ከመነሻው ከ60 በታች ነው። ሳፋውን ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። የጋቢ ጥለት ቀለም እንዳይለቅ ጥጉን ቀድማችሁ ሞክሩ። የሱፍ ብርድ ልብስ በዚህ ሙቀት ይኮማተራል፤ እሱን በላስቲክ አሽጎ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን ማቆየት ነው።

ፍራሽ። ስፖንጁን በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ወይም መሐሉ ጎድጉዶ ከቀረ አትስጡት። ሽንት የነካው ስፖንጅ ከውስጥ አይደርቅም። ትኋን ያለበትን ፍራሽ ደግሞ ግቢ ላይ አታስቀምጡት፣ ሌላ ሰው ያነሳዋል። በቢላ ቆራርጣችሁ፣ አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር።

ምግብ። ዱቄት ከመስጠት በፊት ይነፋ፤ ነቀዝ በወንፊቱ ላይ ይታያል። ሻጋታ የነካው በርበሬ ወይም ኦቾሎኒ ሻጋታው ተጠርጎ አይሰጥም፣ መርዙ አብሮ አይጠረግም። የተረፈ እንጀራን ድርቆሽ ማድረግ ጥሩ ነው፤ በበጋ ፀሐይ ሁለት ቀን፣ ሲሰበር "ቀጭ" እስኪል፣ ከዚያ በጨርቅ ከረጢት። በፌስታል ከታሰረ በውስጡ በቀረችው እርጥበት ይሻግታል። የበሰለ ወጥ ከተዘከረበት ወይም ከሠርግ ቤት ሲተርፍ ማታውኑ ካልተወሰደ፣ ለማግስቱ "ይሞቅና ይበላል" ተብሎ ለሕሙማን አይላክም። ደግሞ የጾም ቀን ይታሰብ፤ ረቡዕ ወተት ይዞ የሚመጣ ሰው መጨረሻ ላይ ይዞት ይመለሳል።

መድኃኒት አይሰጥም። የተከፈተ ሽሮፕ፣ ከሐኪም ማዘዣ የተረፈ ክኒን፣ ጊዜው ያላለፈም ቢሆን።

ፍሪጅ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይነቀል፣ በሩ ተከፍቶ በረዶው ይቅለጥ፣ ቆሞ ይጫን። በጎኑ ከተኛ ግን ደርሶ ወዲያው አይሰካ፤ እስከ ማግስቱ ቆሞ ይደር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስጦታ ድሮ ዋጋው ትልቅ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ስለጀመረ፣ አሮጌ ዩኒፎርም አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ፈላጊ የለውም። ቦርሳና ጫማ ግን ፈላጊ አላቸው።

አጫጫን። በማዳበሪያ ሙሉ፣ ግን ከ20 ኪሎ አይለፍ፤ ባለ አራት ፎቁ ብሎክ አሳንሰር የለውም፣ የሚያወርደውም ሰው ነው። ማዳበሪያው ላይ በፓርከር ይጻፍ፦ "የወንድ ሱሪ፣ ወገብ ከ34 እስከ 38፣ 18 ፍሬ"። ይህች አንድ መስመር ማዕከሉ ውስጥ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ታድናለች። ሰባት ማዳበሪያ ያለ ጽሑፍ ከማምጣት ሦስት ከነጽሑፉ ማምጣት ይሻላል፤ ይህ ግምት አይደለም፣ ያልተለየ ማዳበሪያ ተራው እስኪደርስ እዚያው ታስሮ ይከርማል።

በብዙ ሳይቶች ዕቃ ከግቢ ሲወጣ ጥበቃው የነዋሪዎች ማኅበሩን መውጫ ወረቀት ይጠይቃል። ቅዳሜ ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ዝግ ከሆነ መኪናው ቆሞ ይቆጥራል፤ ወረቀቱን ዓርብ አስጽፉ። የጫኝና አውራጅ ማኅበር ባለበት ሳይት ደግሞ ዋጋውን መኪና ሳይመጣ ጨርሱ። ለመርጃ ማዕከል የሚሄድ መሆኑ ከተነገራቸው ብዙዎቹ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም በነፃ ያወርዳሉ፤ ግን ይህ የእነሱ ቸርነት ነው እንጂ የእናንተ መብት አይደለም። ለሦስት አራት ማዳበሪያ ባጃጅ ይበቃል፣ ሆኖም ከውስጥ ለውስጥ መንገድ አትወጣም። ከዚያ በላይ ከሆነ ዳማስ። አይሱዙ የሚያስፈልገው የቤት ዕቃ ሲኖር ብቻ ነው፤ ለአንድ ቤት ስጦታ አይሱዙ መከራየት ከስጦታው በላይ የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። ያን ብር ዘይት ቢገዙበት ይሻል ነበር። ከአንድ ወለል አራት ቤት ተሰባስቦ አንድ ዳማስ መጫን ነው መፍትሔው።

ሲያስረክቡ የገቢ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ በመንግሥት ቤት ሞዴል 19 የሚባለው ዓይነት። ጥሩ ማዕከል ሳይጠየቅ ይጽፋል። "ከዚያ ይሸጡታል" የሚል ሐሜት ሁልጊዜ አለ። ባለ ተረከዝ ጫማ ተሸጦ ሳሙና ቢገዛበት ምኑ ነውር ነው? ነውሩ በደረሰኝ ያልገባ ዕቃ መሸጡ ነው። ከነዋሪዎች ጋር ፎቶ መነሳትን በተመለከተ፣ ፈቃድ መስጠት የማይችል ሕመምተኛን አቅፎ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ስጦታውን ያረክሰዋል፤ ብዙ ማዕከላትም አይፈቅዱም።

ጊዜው። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን በሩ ላይ መኪና ይሰለፋል፤ ዕቃው ተከምሮ ይውላል። የአዲስ አበባ ሌሊት አጥንት የሚሰብረው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ብርድ ልብስ ያለው በጥቅምት ይውሰድ፣ ገበያው ሳይነቃ። በክረምት ማጠብ ይቻላል፣ ማድረቅ ግን አይቻልም፤ እርጥበት ይዞ የታሰረ ማዳበሪያ በሳምንቱ ይሸታል።

ለዚህ መንገድ ነጥብ መስጠት ይከብዳል፣ ግማሹ የሚወሰነው በላኪው ነውና። ታጥቦ፣ ተለይቶ፣ ተጽፎበት ከሄደ 9።

የብሎኩ ሰው

ሶፋ፣ ቁም ሳጥን፣ ኮመዲኖ ሩቅ አይሂድ። የብሎኩ ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ተመላላሽ ሠራተኛችሁ፣ አዲስ ገብቶ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጠፈ ተከራይ፤ እነዚህ የመኪና ኪራይ አያስወጡም። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ ፎቶው ጉድለቱን ያሳይ፣ ወርድና ቁመቱ በሳንቲሜትር ይጻፍ፣ "እስከ እሁድ ካልተነሳ ለቁራሌው" ይባል። ቀነ ገደብ የሌለው ማስታወቂያ አርባ "ይያዝልኝ" ያመጣል፣ አንድ አንሺ አያመጣም። ለዘበኛው ስትሰጡም በሰው ፊት "እንካ" አይባልም፤ "ጋሼ፣ የሚፈልገው ሰው ያውቁ እንደሆነ" ተብሎ ቢጀመር ራሱ ይወስደዋል፣ ክብሩም አይነካም።

የቺፑድ ቁም ሳጥን ሲፈታ ችግሩ ብሎኑ ሁለተኛ አለመያዙ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ኮላ የተቀባ የክብሪት እንጨት ወትፎ፣ አድርቆ፣ እንደገና ማሰር ይሠራል። ብሎኖቹ በፌስታል ሆነው ከበሩ ውስጠኛ ፊት ላይ በስኮች ይለጠፉ፤ የጠፋ ማጠፊያ ያለው ቁም ሳጥን ማገዶ ነው።

ያ የቡፌው ብርጭቆና ሰሃን ደግሞ ቦታ አለው፦ እድር። እድሩ ለለቅሶና ለሠርግ የሚያውሰው ዕቃ በየጊዜው ይሰበራል፣ ይጎድላል። ሁለት ደርዘን ሰሃን፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ቴርሞስ ለእድሩ ንብረት ክፍል ሲገባ በመዝገብ ይጻፋል። ከዚያ ለእንግዳ ተብሎ የተገዛው ብርጭቆ በመጨረሻ እንግዳ ይጠጣበታል።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይወጣ አንድ ነገር አለ፣ ባዶ ጀሪካን። ከውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ በረንዳውን ጠርጎ ያወጣ ሰው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳይት ሲቸገር ይታያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር፣ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 25 ሊትር 12 ጀሪካን። ፈረቃችሁ በሳምንት አንዴ ከሆነ 28 ነው፣ በርሜል ያለው ደግሞ የበርሜሉን ይቀንስ። ክዳኑ የማይገጥመውን፣ ታችው አረንጓዴ የያዘውን አስቀድማችሁ ለዩ። ከቁጥሩ በላይ የሆነውን ቁራሌው ሲጠራ ስጡት።